የዓሣ ገንዳ መስታወት ሳይሰነጠቅ መብሳትና የጠበበውን ቀዳዳ ማስፋት

ከአዲስ አበባ ዳር፣ ገላን፣ ኮዬ ፈጬ፣ ለገጣፎ ወይም ሰበታ አካባቢ ቤቱ ውስጥ የዓሣ ገንዳ ያለው ሰው ሁለት ነገር አስቀድሞ ማሰብ አለበት። መብራት ሊጠፋ ይችላል። ውሃም በፈረቃ ነው። ገንዳችሁ ሁለቱንም እንዲችል ከፈለጋችሁ፣ ከኋላው መስታወት ላይ ከፍ ብሎ በደንብ የተበሳ አንድ ቀዳዳ ብዙ ነገር ይፈታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብዙ ሰው ማጣሪያውን ከገንዳው ሥር፣ ካቢኔቱ ውስጥ ባለ ሌላ ገንዳ ያደርጋል። ውሃው ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፣ ፓምፕ መልሶ ወደ ላይ ይገፋዋል። መስታወት መብሳት የፈራ ሰው ውሃውን የሚያወርደው በጠርዙ ላይ በተንጠለጠለ ቱቦ ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ቱቦው ውስጥ አየር ከገባ ግን መሳቡን ያቆማል። ፓምፑ ይህን አያውቅም። ከታች ያለውን ውሃ ወደ ላይ ገፍቶ ሳሎን ውስጥ ይደፋዋል። ቀዳዳ ካለ ይህ ጣጣ የለም። መብራት ሲጠፋ ውሃው እስከ መውረጃው አፍ ድረስ ዝቅ ብሎ ይቆማል። ሲመጣም ማንም ሳይነካው ሥራውን ይቀጥላል።

ሌላም ጥቅም አለው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። የአየር ግፊቱ በባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል፤ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ከላይ በኩል በተበሳ ቀዳዳ የሚወርድ ውሃ ገጹ ላይ የተጋገረውን ቅባትና አቧራ ይዞት ይሄዳል። ንጹሕ ገጽ ደግሞ አየር በደንብ ያስገባል። ጠዋት ጠዋት ዓሣዎቻቸው ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ሲከፍቱና ሲዘጉ የሚያዩ ሰዎች ይህን አቅልለው ባያዩት ደስ ይለኛል።

መስታወት መብሳት እንደሚያስፈራ አውቃለሁ። ግን መስታወትን ቀዳዳው ራሱ አይሰብረውም። የሚሰብሩት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ሙቀት፣ የእጅ ግፊትና የፑንታው (የድሪሉ መብሻ ጫፍ) መዋለል። እነዚህን የተቆጣጠረ ሰው በተራ የባትሪ ድሪል ግቢው ውስጥ ይበሳል። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ዞሮ ዞሮ እነሱን ስለመቆጣጠር ነው።

መስታወቱ የሚበሳ ነው ወይ?

ቴምፐርድ መስታወት አይበሳም። በቃ። በሙቀት የተጠናከረ ስለሆነ ገጹ ታምቆ፣ ውስጡ ተወጥሮ ነው ያለው። ፑንታው ያንን ሚዛን ሲነካው መስታወቱ በሙሉ ባንዴ ፍርፋሪ ይሆናል። ቀዳዳ ያለው ቴምፐርድ ብታዩ እንኳ የተበሳው ከመጠናከሩ በፊት ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ቀዳዳ ማስፋትም አይታሰብም።

እዚሁ መስታወት ቤት አሠርታችሁት ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ተራ መስታወት ነው፤ ይበሳል። ከውጭ ተሠርተው የሚመጡ ገንዳዎች ግን ብዙ ጊዜ ወለላቸው ቴምፐርድ፣ ጎናቸው ተራ ይሆናል። ስለዚህ የምትበሱትን መስታወት ለብቻው ፈትሹ። አንዱ ጎን ተራ መሆኑ ስለ ሌላው ምንም አይናገርም።

መፈተሻው ቀላል ነው። ላፕቶፕ ክፈቱና ነጭ ገጽ ብቻ አሳዩበት። ስክሪኑን ከመስታወቱ ጀርባ ያዙት። እናንተ ከፊት ለፊት ፖላራይዝድ የፀሐይ መነጽር አድርጋችሁ እዩ። መነጽሩን ቀስ እያላችሁ አዙሩት። ስክሪኑ ሊጨልም ሲል መስታወቱ ላይ ጥቁር ጥላ፣ ሽንትር ወይም የቀስተ ደመና ቀለም ከታየ ቴምፐርድ ነው። አንድ ወጥ ሆኖ ከጨለመ ተራ ነው። ጥጉ ላይ የታተመ ትንሽ ማኅተም ካለም ጠርጥሩ። ጥርጣሬው ካልለቀቃችሁ አትብሱ።

ውፍረቱንም ለኩ። ባለ 6፣ ባለ 8 እና ባለ 10 ሚሊ መስታወት ለዚህ ሥራ ጥሩ ነው። ባለ 5 ትንሽ ቀዳዳ ይችላል። ባለ 4 ላይ ለአንድ ኢንች መውረጃ የሚሆን ቀዳዳ አልመክርም።

ማያያዣው ይቅደም፣ ፑንታው ይከተል

ብዙ ሰው መጀመሪያ ፑንታ ይገዛል። ከዚያ ለቀዳዳው የሚሆን፣ ቧንቧውን ከመስታወቱ ጋር የሚያገናኝ ማያያዣ ፍለጋ ይዞራል። መሆን ያለበት ተቃራኒው ነው። በመጀመሪያ ማያያዣውን እጃችሁ አስገቡ። ሮቶ ላይ የሚገጠመው፣ በአንድ በኩል ሰፊ ከንፈር፣ በሌላው ዳዶና የጎማ ቀለበት ያለው የፕላስቲክ ማያያዣ ለገንዳም ይሆናል። ጥርሱ ያለበትን አካል በካሊፐር ለኩ። ከዚያ 1 ወይም 2 ሚሊ የሚበልጥ ፑንታ ግዙ።

"አንድ ኢንች" የሚለውን ስም አትመኑ። ስሙ የሚናገረው ስለ ቧንቧው ነው፤ ቀዳዳው ሌላ ነገር ነው። የግማሽ ኢንች ጥርስ የውጭ ስፋቱ 21 ሚሊ አካባቢ ነው። የሦስት አራተኛው 26.5፣ የአንድ ኢንቹ 33 ሚሊ ከምናምን ይሆናል። የፕላስቲክ ማያያዣዎች አካል ደግሞ ከዚህም ይወፍራል፤ ከሠሪ ሠሪ ይለያያል። በእጅ ተይዞ የሚበሳ ቀዳዳም ከፑንታው ስም ግማሽ ሚሊ ወይም ከዚያ በላይ ሰፍቶ ሊወጣ ይችላል። የጎማ ቀለበቱ ከቀዳዳው ጠርዝ በሁሉም በኩል ቢያንስ 5 ሚሊ አልፎ መስታወቱን መሸፈን አለበት።

የነሐስና የዚንክ ቅብ ያለው የብረት ማያያዣ ርካሽ ቢሆንም ተዉት። መዳብና ዚንክ ውሃው ውስጥ ሲገቡ ለዓሣ ጎጂ ናቸው። ሽሪምፕና ቀንድ አውጣ ካላችሁማ ጭራሽ አይሞከርም።

ፑንታው ዳይመንድ መሆን አለበት። ሜርካቶ የዕቃ መሸጫዎች ውስጥ ለሴራሚክና ለመስታወት ተብሎ የሚሸጠው፣ አፉ ላይ ጥርስ ሳይሆን እንደ አሸዋ የሚሻክር ነገር የተቀባው ክብ ፑንታ ነው። ባለ ጥርሱ ለእንጨት ነው። መሐሉ ላይ የሚመራ ቀጭን ፑንታ ያለው ከሆነ እሱን ንቀሉት። መስታወቱን ቀድሞ የሚመታው እሱ ነውና።

የት ይበሳ?

ደንቡ አንድ ነው። ከቀዳዳው ጠርዝ እስከ መስታወቱ ጠርዝ ያለው ርቀት ቢያንስ የቀዳዳውን ስፋት ያህል ይሁን። 35 ሚሊ ቀዳዳ ከሆነ በቀዳዳውና በመስታወቱ ጠርዝ መካከል 35 ሚሊ መስታወት ይቅር። ማዕከሉ እንግዲህ ከጠርዙ 52.5 ሚሊ ላይ ይሆናል። እኔ 55 አድርጉት እላለሁ። በሁለት ቀዳዳዎች መካከልም ይኸው ርቀት ይጠበቅ።

ቀዳዳው ዝቅ ብሎ ቢታያችሁ አትጨነቁ። ከውስጥ በኩል አፉን ወደ ላይ ያዞረ ጎሚቶ (የታጠፈ የቧንቧ ክርን) ስትገጥሙ የውሃውን ከፍታ የሚወስነው የጎሚቶው አፍ ነው። በተቻለ መጠን ወለሉን አትብሱ። እዚያ የሚፈስ ነገር ቢኖር የሚወጣው ውሃው ሁሉ ነው።

ስፋቱንም አትሰስቱበት። ግማሽ ኢንች መውረጃ አንድ ቅጠል ወይም አንድ ቀንድ አውጣ ይዘጋዋል። በሰዓት 1,000 ሊትር ለሚገፋ ፓምፕ አንድ ኢንች መውረጃ ምቹ ነው፤ ትርፍም አለው።

ከመብሳት በፊት

ገንዳው ገና አልተጣበቀም? እንኳን ደስ ያላችሁ። መስታወቱን ጠፍጣፋ አስተኝታችሁ ብሱና ከዚያ ይጣበቅ። እንዲያውም መስታወት ቤቱ ማሽኑ ካለው እዚያው ይብሱት። ማያያዣውን ይዛችሁ ሂዱና በእሱ ልክ አስበሱ።

የተጣበቀ ገንዳ ከሆነ ባዶ አድርጉት። ዓሣዎቹ ሰፊ ሳፋ ውስጥ ይቆዩ። አሸዋና ድንጋይ ይውጣ። የሚበሳው ጎን ወደ ላይ እንዲሆን ገንዳውን አስተኙት፤ ከሥሩ ፎም ወይም የታጠፈ ብርድ ልብስ አንጥፉ። ውስጡም ወፍራም ፎጣ ዘርጉ። ተቆርጦ የሚወድቀው ክብ መስታወት ከታች ያለውን ጎን እንዳይመታው ነው። ይህን ፎጣ የሚረሱ ብዙ ናቸው፤ ቀዳዳው አምሮ ወጥቶ ተቃራኒው መስታወት ይሰነጠቃል።

ሥራው ጥላ ውስጥ ይሁን። ፀሐይ ያሞቀው መስታወት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አታፍስሱ። ድሪሉ የባትሪ ቢሆን እመርጣለሁ። ውሃና 220 ቮልት አንድ ቦታ አይገናኙ። የገመዱን ካልተዋችሁ ደግሞ ማከፋፈያው ከውሃው ርቆ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ይሁን፤ ገመዱም ወደ ድሪሉ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ይርገብ፣ ጠብታው እዚያ ላይ እንዲወድቅ። መነጽር አድርጉ። ጫማ ይኑራችሁ። ልጆችን አርቁ። ሰፊ የጨርቅ ጓንት ከሚሽከረከር ነገር ጋር አይሄድም፤ ባዶ እጅ ወይም እጅ ላይ ጥብቅ የሚል ይሻላል።

አንድ ነገር በጣም እለምናችኋለሁ። ቅርብ ካለ መስታወት ቤት ተመሳሳይ ውፍረት ያለው ቁርጥራጭ ለምናችሁ አምጡ። መጀመሪያ እሱን ብሱ። እጃችሁ ምን ያህል ክብደት እንደሚበቃ የሚያውቀው እዚያ ላይ ነው። ጽሑፍ ይህን አያስተምርም።

አበሳሱ

ቦታውን በማርከር ምልክት አድርጉ። ከጀርባው፣ ፑንታው በሚወጣበት በኩል፣ የቀለም ቀቢዎችን ወረቀት ፕላስተር ሁለት ሦስት ድርብ ለጥፉ። ሊወጣ ሲል የሚፈናጠረውን ስብርባሪ ይቀንሳል፤ ክቡንም ይይዘዋል።

በምልክቱ ዙሪያ ትንሽ ግድብ ሥሩ። የመስኮት ስቱኮ፣ የልጆች መጫወቻ ሊጥ፣ ካጣችሁም ጠንከር ብሎ የተቦካ የዱቄት ሊጥ ይሆናል። መሐሉን በውሃ ሙሉት። አንድ ሰው የሃይላንድ ፕላስቲክ ክዳን በስቶ ውሃ በቀጭኑ እየጨመረ አጠገባችሁ ይቁም። ይህ ሰው አስፈላጊ ነው። እናንተ ዓይናችሁን ከፑንታው ላይ አታነሱም።

ድሪሉ መዶሻ ያለው ከሆነ መዶሻው መጥፋቱን ሁለቴ አረጋግጡ። ፍጥነቱን ዝቅ አድርጉ። ለ35 ሚሊ አካባቢ ፑንታ በደቂቃ ከ400 እስከ 800 ዙር ይበቃል። በባትሪ ድሪል ይህ ማርሽ 1 ላይ ሙሉ፣ ወይም ማርሽ 2 ላይ በግማሽ መጫን ነው። ትናንሾቹ ፑንታዎች ትንሽ ከፍ ያለ ፍጥነት ይወዳሉ።

አሁን ፑንታውን ቀጥ አድርጋችሁ አታስቀምጡት። ይንሸራተታል። ወደ 45 ዲግሪ አዘንብሉት፤ በአንድ ጠርዙ ብቻ ይነካ። ድሪሉን አስነሡ። መስታወቱ ላይ የጨረቃ ቅርጽ ያለው ጭረት ይወጣል። ጭረቱ ፑንታውን መያዝ ሲጀምር ቀስ እያላችሁ አቅኑት። ሙሉ ክብ ከሆነ በኋላ የትም አይሄድም።

ከዚህ በኋላ አትጫኑ። የድሪሉ የራሱ ክብደት ይበቃል። እጃችሁ የሚያግዘው ቀጥ ብሎ እንዲቆም ብቻ ነው። በየጥቂት ሰከንዱ ፑንታውን ከፍ አድርጉት፣ ውሃ ሥሩ ይግባ፣ መልሱት። ግድቡ ውስጥ ያለው ውሃ ወተት ይመስላል። ያ መልካም ምልክት ነው፤ ዳይመንዱ እየበላ ነው ማለት ነው። ወተቱ እንደ ሊጥ ሲወፍር ውሃው አንሷል፤ አፍስሱበት። ፑንታው ጠርዝ ላይ ደረቅ ነጭ ዱቄት ካያችሁ ወዲያው አቁሙ። እዚያ ቦታ ላይ ሙቀት አለ።

ድምፁንም ስሙ። እኩል የሆነ የመፍጨት ድምፅ ሲሰማ ሥራው ደህና ነው። ሲያፏጭ ወይም ሲንጫጫ አንድም ውሃ አንሷል፣ አንድም ድሪሉ ዘሟል። ወተት መውጣቱ ከቆመና ፑንታው ዝም ብሎ የሚዞር ከሆነ ዳይመንዱ አልቋል። በመጫን አትተኩት። ሌላ ፑንታ ግዙ። ከመስታወቱ የሚረክሰው እሱ ነው።

ባለ 6 መስታወት ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይፈጃል። የመጨረሻው አንድ ሚሊ ላይ ግፊቱን ጨርሳችሁ አንሱ፤ እንዲያውም ድሪሉን ወደ ላይ ያዝ አድርጉት። ድምፁ ወፈር ብሎ ይለወጣል። ግድቡ ውስጥ ያለው ውሃ በድንገት ወደ ታች መውረድ ሲጀምር ደርሳችኋል። እዚህ ጋ ነው ሰው የሚቸኩለው። መስታወቱ ከጀርባ በኩል ዛጎል በሚመስል ቅርጽ የሚፈናጠረውም እዚህ ጋ ነው።

የተበሳውን ማስፋት

ቀዳዳ ማስፋት ከመብሳት ይከብዳል። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ገንዳው ሲሠራ ግማሽ ኢንች ተበስቶ፣ በኋላ ባለቤቱ አንድ ኢንች ሲፈልግ ነው። ችግሩ መሐሉ ባዶ መሆኑ ነው። ትልቁ ፑንታ በአሮጌው ቀዳዳ ከንፈር ላይ ይንቀጠቀጣል፤ አንዱን ጎን ይነክስና ይሰብራል።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንደገና ሥሩ። አሮጌው ቀዳዳ 22 ሚሊ ነው፤ ማዕከሉ ከጠርዙ 40 ሚሊ ላይ ነው እንበል። አሁን በቀዳዳውና በጠርዙ መካከል 29 ሚሊ መስታወት አለ። ደንቡን ያሟላል። በዚያው ማዕከል ወደ 35 ብታሰፉት ግን የሚቀረው 22.5 ብቻ ነው። ይህ ከደንቡ በታች ነው። ማዕከሉን ወደ መሐል ገፋ ማድረግ ይቻላል፤ ግን አዲሱ ቀዳዳ አሮጌውን ሙሉ በሙሉ መዋጥ አለበት። 35ቱ 22ቱን እንዲውጥ ማዕከሉ ቢበዛ 6.5 ሚሊ ይንቀሳቀሳል፤ ለፑንታው ውፍረት ትተን 4 እንበለው። ያኔም የሚቀረው 26.5 ነው። አሁንም አልበቃም። እንዲህ ሲሆን ምክሬ ግልጽ ነው። አታስፉት። አሮጌውን ዝጉትና ሌላ ቦታ አዲስ ብሱ። መዝጊያው ከቀዳዳው በየአቅጣጫው 2 ሴንቲ ያህል የሚተርፍ ባለ 6 መስታወት ነው፤ ከውስጥ በኩል በሲሊኮን ይለጠፋል። የውሃው ግፊት ራሱ ይደግፈዋል።

ርቀቱ ከበቃ ግን ምን ያህል እንደምታሰፉ እዩ።

ማያያዣው ለጥቂት አልገባ ካለ፣ ማለትም የሚፈለገው 1 ወይም 2 ሚሊ ብቻ ከሆነ፣ ድሪል አያስፈልግም። ከቀዳዳው የሚቀጥን የፕላስቲክ ቧንቧ ቁራጭ ላይ ውሃ የሚችለውን ጥቁሩን የብርጭቆ ወረቀት ጠቅልሉ። ቁጥር 80 ወይም 120 ይሁን። እርጥብ አድርጋችሁ በቀዳዳው ውስጥ ሙሉ ዙር እየዞራችሁ እሹት። አንድ ቦታ ላይ አትቆዩ፤ ቀዳዳው እንቁላል ይሆናል። ቶሎ ቶሎ ማያያዣውን እያስገባችሁ ለኩ። ጊዜ ይወስዳል፤ ወረቀት ይበላል። ግን ከሁሉም ያነሰ አደጋ ያለው መንገድ ነው። የዳይመንድ ሞረድ ካገኛችሁ ይፈጥናል። የብረት ሞረድ ግን መስታወቱን ይሸርፈዋል፤ አታስጠጉት።

ከዚያ በላይ ከሆነ መሪ ያስፈልጋችኋል። መሪ ማለት ፑንታውን ከውጭ ዙሪያውን የሚይዝ ቀዳዳ ያለው እንጨት ነው። መሐሉ ላይ የሚይዘው ነገር ከጠፋ ከውጭ ይያዝ፤ ሐሳቡ ይኸው ነው።

18 ሚሊ ኮምፔንሳቶ ውሰዱ። ስፋቱ ቢያንስ 20 በ20 ሴንቲ ይሁን። በባለ ጥርስ የእንጨት ፑንታ ዳይመንዱ በቀላሉ የሚገባበት፣ ግን የማይወዛወዝበት ቀዳዳ ብሱበት። ዳይመንዱን በእጃችሁ አስገብታችሁ አዙሩት። ከጠበበ ይያዛል፣ ከሰፋ ይዋልላል። እንጨቱ ላይ በቀዳዳው ማዕከል የሚያልፉ ሁለት መስመሮች፣ አንዱ አግድም አንዱ ቀጥ ብሎ፣ እስከ ጠርዙ ድረስ ይሰመሩ። መስታወቱም ላይ በአዲሱ ቀዳዳ ማዕከል የሚያልፉ ሁለት መስመሮች በማርከር ይሰመሩ። መስመር ከመስመር ሲገጥም መሪው ቦታው ላይ ነው።

መሪውን ባለ ሁለት ፊት ፕላስተር ለጥፉት። ወደ ገንዳው አፍ ቅርብ ከሆነ በሁለት ሞርሴቶ (በብሎን የሚጠብቅ መቆንጠጫ) ያዙት፤ በሌላው በኩል በመስታወቱና በብረቱ መካከል የእንጨት ቁራጭ ወይም ጎማ ይግባ። ሞርሴቶው እንዳይንሸራተት ያህል ብቻ ይጥበቅ። ከዚህ በላይ ያጠበቀ ሰው ድሪሉን ሳያነሣ መስታወቱን ሊሰብር ይችላል።

ውሃው አሁን በአሮጌው ቀዳዳ በኩል ይፈስሳል፤ ግድብ ብቻውን አይበቃም። ከጀርባው ፕላስተሩን ደርባችሁ ለጥፋችሁ ቀዳዳውን ድፈኑ። ከላይ ግድቡን በመሪው ላይ ሥሩ። የሚረዳችሁ ሰው ውሃ ከማፍሰስ አያቋርጥ። አንዳንዶች አሮጌውን ቀዳዳ በእንጨት ውታፍ ይሞሉታል። እኔ አልወደውም። እንጨት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ያበጠ ውታፍ መስታወቱን ከውስጥ ወደ ውጭ ይገፋል።

ፑንታውን መሪው ውስጥ አስገቡና ቀጥ አድርጋችሁ፣ መስታወቱን ገና ሳይነካ፣ አስነሡት። ከዚያ አውርዱት። እዚህ ማዘንበል የለም። ግፊቱ ከተለመደውም ይነስ። የሚቆረጠው ቀጭን ቀለበት ነው፤ እየቀጠነ ሲሄድ ቁርጥራጭ ሆኖ ሊወድቅ ይችላል። ቢወድቅ አትደንግጡ፤ የሚጣል ነው። ግን ቁራጩ በፑንታውና በመስታወቱ መካከል ከገባ ይቀረቅራል። ድምፁ ሲያንቋቋ ወዲያው አቁሙ፣ ፑንታውን አውጡ፣ በውሃ እጠቡት፣ ቁራጩን በፒንሳ ልቀሙ፣ ቀጥሉ።

በግማሽ ውፍረት ላይ አቁማችሁ መሪውን በሌላው ፊት አድርጎ መጨረስም ይቻላል። ጠርዙ በሁለቱም በኩል ንጹሕ ይወጣል። ግን ሁለቱ ማዕከሎች በትክክል መግጠም አለባቸው። ገና ያልተጣበቀ መስታወት ከሆነ ይህን እመርጣለሁ፤ በተጣበቀ ገንዳ ግን አልፎ አልፎ ካልሆነ አይመችም።

ጠርዙ

ቀዳዳው ከወጣ በኋላ ሁለቱንም ከንፈሮች በእርጥብ የብርጭቆ ወረቀት ቁጥር 240 አለስልሱ። ስንጥቅ የሚጀምረው ከሻካራ ጠርዝ ነው። ከዚያ የስልካችሁን መብራት አብርታችሁ በአግድም አሳዩት። ትንሽ የዛጎል ሽርፍ የጎማ ቀለበቱ ሥር ሙሉ በሙሉ የሚደበቅ ከሆነ ችግር የለውም። እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ ከቀዳዳው ተነሥቶ ወደ መስታወቱ የሚሄድ መስመር ካያችሁ ግን ያ መስታወት አለቀለት። ሲሊኮን አያድነውም። 100 በ40 በ50 ሴንቲ ገንዳ 200 ሊትር ይይዛል፤ 200 ኪሎ ውሃ ማለት ነው። መስታወቱን አስቀይሩ።

ዱቄቱን በደረቁ አትጥረጉ፤ የመስታወት ብናኝ ለሳንባ ጥሩ አይደለም። በውሃ ደጋግማችሁ እጠቡ።

መግጠምና መፈተሽ

ሰፊው ከንፈር ከነጎማ ቀለበቱ ውሃው ባለበት በኩል ይግባ። ዳዶው ከውጭ ነው። በእጅ እስኪጠብቅ አጥብቁ፣ ከዚያ ሩብ ዙር ብቻ ጨምሩ። ኪያቬ ይዞ መጨነቅ አያስፈልግም። የቧንቧው ክብደት መስታወቱ ላይ እንዳይንጠለጠል ከካቢኔቱ ጋር በፋሼታ እሰሩት። ሲሊኮን ከተጠቀማችሁ ሻጋታ መከላከያ የሌለው፣ ሲደርቅ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ይሁን፤ ሽታው ፈጽሞ እስኪጠፋ ዓሣ አይግባ።

ፈተሻውን ውሃ በሚመጣበት ቀን አድርጉት። ገንዳውን አስቀድማችሁ በሚቆምበት ቦታ፣ ፎሙ ላይ አስቀምጡት። የሞላ ገንዳ አይነሣም። ከዳዶው ሥር ዙሪያውን ደረቅ ሶፍት ጠቅልሉ። መጀመሪያ ከቀዳዳው ትንሽ ከፍ እስኪል ሙሉና ጥቂት ሰዓት ጠብቁ። ሶፍቱ ደረቅ እንደሆነ ከቆየ ገንዳውን ሙሉት። 24 ሰዓት ይቆይ። ሶፍት አንዲት ጠብታም አይደብቅም። ከረጠበ አፍስሱና ቀለበቱን አስተካክሉ፤ ዳዶውን በኃይል አትጨምሩበት። የፈሰሰው ውሃ ለአትክልቱ ይሁን።

የሚቀረው የመብራት መጥፋት ፈተና ነው። ፓምፑ ውሃ የሚመልስበት ቱቦ ላይ፣ ከውሃው ገጽ ጥቂት ዝቅ ብሎ ትንሽ ቀዳዳ ብሱ። ፓምፑ ሲቆም አየር ይስባል፤ ውሃው ወደ ኋላ መሳቡ ይቋረጣል። ከዚያ ሁሉንም አስነሡና ውሃው ሲረጋጋ ፓምፑን ንቀሉት። 100 በ40 ሴንቲ ገንዳ ላይ እያንዳንዱ የ1 ሴንቲ መውረድ 4 ሊትር ነው። 3 ሴንቲ ከወረደ 12 ሊትር ወደ ታችኛው ገንዳ ይሄዳል። የታችኛው ገንዳ ይህን ተቀብሎ ከአፉ ቢያንስ 5 ሴንቲ ዝቅ ብሎ ካልቆመ፣ የተለመደውን የውሃ መጠን ቀንሱና እንደገና ሞክሩ። ከቆመ ፓምፑን መልሳችሁ ሰኩ። ውሃው ያለ ማንም እርዳታ ወደ ቦታው ከተመለሰ፣ የቧንቧው ውሃ ክሎሪኑ እስኪለቅ አንድ ሁለት ቀን እየዞረ ይቆይና ዓሣዎቹን መልሱ።